የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ

የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ በሰብል ላይ የተረጨ ኬሚካል ምርቱ ሲሰበሰብ ምን ያህል እንደቀረ የሚለካበት ሥራ ነው። በሙከራ ማሳ ኬሚካሉ በታዘዘው መጠን ይረጫል፤ ናሙናው በክሮማቶግራፊ መሣሪያ ይመረመራል። በውጤቱም የሚፈቀደው ከፍተኛ የቅሪት መጠንና ከርጭት እስከ አዝመራ የሚጠበቀው ቀን ይወሰናል።

ለኢትዮጵያ ትልቁ ትምህርት የመጣው በቡና ነው። ጃፓን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የተለየ ገደብ ላልወጣለት ኬሚካል በኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ወሰን አበጀች። በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ እንደ ሊንዴን ያሉ የፀረ ተባይ ቅሪቶች ተገኙና ወደ ጃፓን የሚላከው ቡና ክፉኛ ቀነሰ። ከተጠረጠሩት ምንጮች አንዱ የተበከለ ጆንያ ነበር። ስለዚህ ማሳውን ብቻ ሳይሆን መጋዘኑን፣ ማጓጓዣውንና ማሸጊያውንም መመርመር ግድ ነው፤ አለዚያ ኬሚካል ረጭቶ የማያውቅ ገበሬ በሌላው ጥፋት ይጎዳል።

ኢትዮጵያ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674ን ያወጣችው ከዚህ ክስተት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. ነው።

የቅሪት ምርመራው ሌላ ችግርም አለበት፤ ኬሚካል አምራቾች ለሙከራ ገንዘብ የሚያወጡት ገበያው ሰፊ ለሆነ ሰብል ስለሆነ ገበያው ጠባብ የሆነው ወደ ኋላ ይቀራል። አሜሪካ ለአነስተኛ ሰብሎች ይህን ክፍተት ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት በሚደገፍ መርሐ ግብር ትሸፍናለች። ኮረሪማና እንሰትም ተመሳሳይ ድጋፍ ይገባቸዋል።