የምዕራብ ጎጃም ገበያ (ለእንግዳ ሸማች)

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ከተሞች በታወቀ ቀን የሚቆም የሕዝብ ገበያ። ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው፤ ከቡሬ አንዱ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይገነጠላል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ በጎጃም ገበያዎች፣ በተለይም በባሶ በኩል፣ ወደ ጎንደርና ምጽዋ ያልፍ ነበር። ሰውም እንደ ሸቀጥ ተሸጦባቸዋል፤ ይህ ሊዘለል አይገባም። መገበያያው አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር።

ዛሬ እንግዳ ከዚህ አገር አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይመለስ ቢባል በርበሬ ነው። የቡሬና የአካባቢዋ በርበሬ ስመ ጥር ነው። የሚሻለው ሳይፈጭ፣ ዛላውን መግዛት ነው፤ የተፈጨ በርበሬ ምን እንደተቀላቀለበት ዓይን አይለይም። ጥሩ ዛላ ደማቅ ቀይ ነው፤ ሲወዘወዝ ፍሬው ይንኳኳል። እርጥበት ያለው ሚዛን ይደፋል፣ በኋላም ይሻግታል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከጆንያው ሥር ያለውንም አውጥቶ ማሽተት ያስፈልጋል።

ዋጋ መከራከር ነውር አይደለም። «እማማ፣ መጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ በአክብሮት የጠየቀ ሰው ቅናሽ ባያገኝ እንኳ ምርቃት አያጣም። ሆኖም ሸክሟን ይዛ በእግሯ ከሩቅ ቀበሌ የመጣችን ገበሬ በጥቂት ብር ማድከም ተገቢ አይደለም።

ማር ወይም ቅቤ የሚፈልግ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ከቤቱ ይዞ ይምጣ።