ጌይ ወይስ ሐረር? የአንድ ከተማ ስሞች የሚመሰክሩት



ቦሌ ሚካኤል የሚኖር ሙስሊም ሰፈሩን ሲጠየቅ «ቦሌ ሚካኤል» ይላል፤ ማንም አይገረምም። ስሙ የቤተ ክርስቲያን ቢሆንም ሰፈሩ የሁሉም ነው። ስም የሚያጣላው ከጀርባው ያለው ታሪክ በግማሽ ሲነገር ነው። ሐረርን እንመልከት።

ነባር ልጆቿ ከተማይቱን «ጌይ» ይሏታል፤ ትርጉሙ «ከተማ» ነው። ቋንቋቸው «ጌይ ሲናን» ይባላል። «አደሬ» ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ በሮችም እንዲሁ ናቸው፦ ሐረሪዎች «አስመዲን በሪ» የሚሉትን አማርኛ ተናጋሪው «ሸዋ በር»፣ «አርጎብ በሪ»ን ደግሞ «ኤረር በር» ይለዋል።

ዋናው ክርክር ግን ፈረስ መጋላ ላይ ነው። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። ከዚያ በኋላ ፈረስ መጋላ መስጂድ በነበረበት ቦታ ላይ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆመ። ይህ ሊካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የፈረሰው ጥንታዊው የሐረር ጃሚዕ ይመስለናል። ጃሚዑ ዛሬም ጀጎል ውስጥ አለ፤ ይሰገድበታል። ፈረስ መጋላ ላይ የነበረውን መስጂድ ያሠሩት ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው የቆዩት ግብጾች ናቸው። ግብጾቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ሆኖም አዛዣቸው ራዑፍ ፓሻ ሐረርን እንደያዘ የከተማይቱን አሚር፣ አሚር ሙሐመድን አስገድሏል።

እንግዲህ «እዚያ መስጂድ አልነበረም» የሚል ሰው እውነትን ይደብቃል። ነገሩን ሁሉ የሁለት ሃይማኖቶች ጠብ አድርጎ የሚተርክም የአሚር ሙሐመድን ደም ይረሳል። ሐረር በአሥራ አንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተወርራለች፤ አንዱ ወራሪ ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን ነበር።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጡ 82 መስጂዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች እንዳሉ ገልጿል። ይህን ሁሉ ጠብቀው ያቆዩት ሰዎች ከተማቸውን በራሳቸው ስም ሲጠሯት መስማት ይገባቸዋል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሐረር ስትሄዱ በሮቹን በሁለቱም ስማቸው አስጠኗቸው። ፈረስ መጋላ ስትደርሱም ታሪኩን ሳትቆርጡ ንገሯቸው፤ እኛን የሚጎዳውንም ሌላውን የሚጎዳውንም።