«ስንት ነው የሚፈሰው?»

የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ፤ ላይ ጋይንት። ታናሽ ወንድሜ በ15 ዓመቱ ወድቆ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ «ጋኔን ለክፎት ነው» አለ። እናቴ ሦስት ዓመት ጠበል ለጠበል ይዛው ዞረች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነሣ፤ አንጎሉ ውስጥ የተጠላለፉ የደም ሥሮች ታዩ።

ለእናቴ በመስኖ ነገርኳት። ውኃ ከዋናው ቦይ ወደ ትንንሽ ትልሞች ተከፋፍሎ፣ ጉልበቱን ጥሎ ነው ማሳ የሚያጠጣው። እሱ ጋ ግን እዚያ ቦታ ትልሞቹ የሉም፤ ደም ቅዳው በቀጥታ ደም መልሱ ላይ ይገለበጣል።

«ዳሩን ይንደዋላ!» አለች። አዎ፣ ፍርሃቱ እሱ ነው፤ ሥሩ ፈንድቶ መድማት። ቀጥላ «ታዲያ ስንት ነው የሚፈሰው?» ብላ ጠየቀች።

ይህ ጥያቄ እኮ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1927 ሊዝበን ውስጥ ኤጋስ ሞኒዝ በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ በአንገት ደም ቅዳ ሰጥቶ የአንጎልን ሥሮች አሳየ። ቅርጻቸው ታየ፤ የፍሰቱ መጠን ግን ገና ነበር። በ1959 ጀሮም ሲንገር ካሊፎርኒያ ውስጥ የአይጥ ጅራት ማግኔት ውስጥ አስገብቶ የደሙን ፍሰት ለካ። ልብ በሉ፤ ፖል ላውተርበር የመጀመሪያውን የኤምአርአይ ምስል ያሳተመው በ1973 ነው። ልኬቱ ምስሉን በ14 ዓመት ቀደመው! በ1982 ፖል ሞራን ሁለቱን የሚያገናኝ ዘዴ አቀረበ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ የማግኔቱን ኃይል አንዴ ወደ አንድ ወገን፣ ወዲያው ወደ ተቃራኒው ያዘነብለዋል። ባለበት የቆመ ሥጋ ሒሳቡ ተጣፍቶ ዜሮ ይወጣል። ደም ግን በመሐል ቦታውን ስለለቀቀ ልዩነት ይተርፈዋል፤ ያ ልዩነት ፍጥነቱን ይናገራል። ፍጥነቱ በሥሩ ስፋት ሲባዛ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያልፍ ይታወቃል፤ ያለ ኤክስሬይ ጨረር። ሕክምናው ፍሰቱን ቀንሶት እንደሆነም በፊትና በኋላ ለክቶ ማነጻጸር ይቻላል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። ከስማዳና ከእስቴ ስንቱ «ተለክፏል» ተብሎ ቤት ቀርቶ ይሆን?

ወንድሜ ዛሬ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ይውጣል፤ ጠበሉንም አልተወም። ፍሰቱን ግን እስካሁን የለካለት የለም። በደወልኩ ቁጥር እናቴ ያንኑ ትጠይቀኛለች፦ «ስንት ነው አሉ?»