የኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ መረጃ ለሶሺዮሎጂ ጥናት

የኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ መረጃ የአገሪቱን ሕዝብ ብዛት፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ብሔረሰብ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ትምህርት፣ ሥራና የመኖሪያ ቤት ሁኔታ የያዘ የስታቲስቲክስ ስብስብ ነው። እስካሁን ሦስት አገር አቀፍ ቆጠራዎች ተካሂደዋል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ላሉት ዓመታት የሚጠቀሱት የሕዝብ ቁጥሮች ትንበያዎች እንጂ የቆጠራ ውጤቶች አይደሉም። መረጃውን ለጥናት የሚጠቀም ሰው በመጀመሪያ ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት።

ሦስቱ ቆጠራዎች

የመጀመሪያው ቆጠራ በግንቦት 1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984) በደርግ ዘመን ተካሄደ። በጦርነት ምክንያት ያልተቆጠሩ የገጠር አካባቢዎች በግምት ተሞልተው ጠቅላላው የሕዝብ ብዛት ወደ 42.6 ሚሊዮን ደረሰ። ይህ ቁጥር በወቅቱ የኢትዮጵያ አካል የነበረችውን ኤርትራን ይጨምራል።

ሁለተኛው በጥቅምት 1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1994) ተካሂዶ 53,477,265 ሕዝብ ተመዘገበ። ሦስተኛው በግንቦት 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ሲካሄድ፣ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታቅዶ የነበረ ቢሆንም በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

መረጃው የሚገኝበት

ቆጠራውን ያካሄደው መሥሪያ ቤት ለረጅም ጊዜ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ተብሎ ይታወቅ ነበር። አሁን ስሙ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። የቆዩ ሪፖርቶች በቀድሞው ስም ስለታተሙ በሁለቱም ስሞች መፈለግ ያስፈልጋል። ዓመቱም እንደዚሁ በሁለቱም አቆጣጠሮች መፈለግ አለበት፤ "የ1999" እና "የ2007" ቆጠራ የሚባሉት አንድ ናቸው።

መረጃው በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው በክልል፣ በዞንና በወረዳ የተዘጋጁ ሠንጠረዦች ናቸው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ሰው መልስ ስሙ ተወግዶ የተቀመጠበት ማይክሮ ዳታ ነው። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው አይፓምስ ኢንተርናሽናል የሦስቱንም የኢትዮጵያ ቆጠራዎች ናሙና ለተመዘገቡ ተመራማሪዎች በነፃ ይሰጣል።

የትኛው መልክ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የጥናቱ ጥያቄ ነው። በአንድ ወረዳ ስንት ሴቶች እንዳሉ ለማወቅ ሠንጠረዥ ይበቃል። በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች ውስጥ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት የመግባት ዕድላቸው ከሌሎች ይለይ እንደሆነ ለማወቅ ግን ማይክሮ ዳታ ያስፈልጋል።

አጫጭርና ረጅም መጠይቆች

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሁለት መጠይቆች ጥቅም ላይ ውለዋል። አጭሩ እንደ ዕድሜ፣ ጾታና ሃይማኖት ያሉ መሠረታዊ ጥያቄዎችን የያዘ ነበር። ስለ ፍልሰት፣ ስለ ሥራና ስለ ወሊድ ዝርዝር ጥያቄዎች የያዘው ረጅሙ መጠይቅ የቀረበው ከአምስት ቤተሰቦች ለአንዱ ነው። ስለዚህ የፍልሰት ቁጥሮች ከናሙና የተገኙ ግምቶች ናቸው፤ በተለይ ለትናንሽ ወረዳዎች የስህተት መጠናቸው ከፍ ይላል። በማይክሮ ዳታ የሚሠራ ሰውም እያንዳንዱ መዝገብ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳየውን የክብደት ቁጥር በስሌቱ ማስገባት አለበት።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

የሪፖርቱ ዓይነት፦ ለሦስተኛው ቆጠራ መጀመሪያ የወጣው ማጠቃለያ ሪፖርት ጠቅላላውን ሕዝብ 73,918,505 ሲል፣ በኋላ የወጣው ዝርዝር ሪፖርት 73,750,932 ይላል። ቁጥር ሲጠቀስ ከየትኛው ሪፖርት እንደተወሰደ መግለጽ ያስፈልጋል።

የጊዜ ልዩነት፦ ከጥቅምት 1987 እስከ ግንቦት 1999 ዓ.ም. ያለው ጊዜ 12.6 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ሲሰላ አማካይ ዓመታዊ የሕዝብ ዕድገት 2.6 በመቶ ይሆናል። ጊዜው 12 ዓመት ተደርጎ ከተወሰደ ግን ውጤቱ 2.7 በመቶ ይመጣል።

የአስተዳደር ወሰን፦ የ1976ቱ ቆጠራ ክልሎች ከመዋቀራቸው በፊት የተካሄደ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተብሎ የሰፈረው አካባቢም ዛሬ በሲዳማ፣ በደቡብ ምዕራብ፣ በደቡብ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተከፍሏል። ዓመታትን ለማነጻጸር የወረዳዎችን ቁጥር በአንድ ወሰን መሠረት እንደገና መደመር ያስፈልጋል።

ዕድሜ፦ የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት አገር ብዙ ሰው ዕድሜውን በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር አጠጋግቶ ይናገራል። ስለዚህ ነጠላ ዕድሜዎችን ከማነጻጸር ይልቅ የአምስት ዓመት የዕድሜ ክልሎችን መጠቀም የተለመደ ነው።

ትንበያና ሌሎች ጥናቶች

ትንበያ የሚሠራው በቆጠራው ላይ ስለ ወሊድ፣ ስለ ሞትና ስለ ፍልሰት ግምቶችን በመጨመር ነው። ያልተጠበቀ መፈናቀል ወይም ፈጣን የከተማ ዕድገት በግምቱ ውስጥ ካልገባ፣ ትንበያው ከእውነታው ሊርቅ ይችላል።

የናሙና ጥናቶችም ከዚህ ጥገኝነት ነፃ አይደሉም። የ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናሙናውን የመረጠው በ1999ኙ ቆጠራ ከተዘጋጁት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነው። በመሆኑም ሁለት ምንጮች ተመሳሳይ ውጤት ቢሰጡ፣ አንዱ ሌላውን አረጋግጧል ከመባሉ በፊት መነሻቸው አንድ ቆጠራ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት።