የሙቀት መቆጣጠሪያና ጠቋሚ መብራቱ፤ ከመዘዞ ምድጃ እስከ ግድግዳ ቴርሞስታት

ከታርማ በር ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው መዘዞ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርባቸው ሌሊቶች ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ በክረምትም ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንደሩን ይሸፍነዋል። የዚህ አገር ሰው ብርድን የሚከላከልበትን ዘዴ ከመሐንዲስ አልተማረም። ግድግዳውን በድንጋይ አወፍሮ ይገነባል፤ ጣራውን በሣር ይከድናል፤ መስኮቱን ያጠባል ወይም ጨርሶ ይተወዋል፤ በብዙ ቤትም ከብቱ በዚያው ጣራ ሥር እያደረ ትንፋሹን ያዋጣል። ሲተኛ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራውን ባና ይደርባል። ከሁሉም መካከል ምድጃው አለ፤ ኩበትና ጭራሮ፣ ባሕር ዛፍ ከገባ ወዲህም ቅጠሉና ግንዱ ይነድበታል።

ይህ ምድጃ በሙያችን ዓይን ሲታይ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ መንደዱን ራሱ ይናገራል። ነበልባሉ ለዓይን፣ መንጣጣቱ ለጆሮ፣ ጭሱ ለአፍንጫ ይመሰክራሉ። ከሣር ጣራው ላይ ጭስ ሲተን ያየ ጎረቤት ቤቱ መሞቁን ከሩቅ ያውቃል። ሙቀቱና የሙቀቱ ምልክት አንድ ነገር ስለሆኑ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ሊቀር አይችልም። ምልክቱ የሚሰወረው ማታ እሳቱ በአመድ ሲዳፈን ነው። በዚያን ጊዜም የቤቱ እመቤት እጇን ከአመዱ በላይ ዘርግታ ፍሙ ማደሩን ወይም መሞቱን ትለያለች። ምልክት ከማያሳይ የሙቀት ምንጭ ጋር የተደረገው የመጀመሪያው ትግል ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ባልደረቦቻችን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ለቤት የሚሆን የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ በተለምዶ አጠራሩ ቴርሞስታት፣ ሲመረጥ ማሞቂያው እየሠራ መሆኑን የሚያሳየው የትኛው ነው የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መብራት ያለውን መግዛት ነው ተብሎ ሊታለፍም ይችላል። ነገር ግን ከመብራቱ አስቀድሞ መብራቱ ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ይገባል። ይህንንም ለመረዳት የመሣሪያውን ታሪክ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ሙቀትን በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ ከሠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የኖረው ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል ነው። የእንቁላል መፈልፈያ ምድጃው ሲሞቅ በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተስፋፋ የአየር ማስገቢያውን ያጠብ ነበር። ቴርሞስታት የሚለውን ስም ያወጣው ግን ስኮትላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንድሩ ዩር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830 ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው ሲሞቁ በመጉበጣቸው ላይ ለተመሠረተው መሣሪያው የባለቤትነት መብት አግኝቷል። ዛሬም በካውያችንና በውሃ ማሞቂያችን ውስጥ የሚጎብጠው ብረት የዚያ ዝርያ ነው።

የቤት ቴርሞስታት አባት ተብሎ የሚጠራው ዋረን ጆንሰን በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በኋይትዋተር ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ የክፍሎቹን ሙቀት ለማወቅ የጽዳትና የእሳት ሠራተኛው በየክፍሉ እየገባ ቴርሞሜትር ማየት ነበረበት፤ ካየ በኋላ ወደ ምድር ቤት ወርዶ የእሳቱን አየር ማስገቢያ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ትምህርቱ በየጊዜው በመቋረጡ የተቸገረው ጆንሰን በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሙቀቱ ሲለወጥ በምድር ቤት ደወል የሚደውል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1883 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ሁለት ዓመት ቆይቶም በሚልዋኪ ከተማ ኩባንያ አቋቋመ።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። የጆንሰን የመጀመሪያ መሣሪያ ምንም ነገር አይቆጣጠርም ነበር፤ ሥራው ማሳወቅ ብቻ ነው። እሳቱን የሚያዝዘው ሰው ነበር፤ መሣሪያው ለሰውየው ወሬ ነጋሪ ነበር። ቁጥጥሩ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 በሚኒያፖሊስ አልበርት ባትስ የተባለው የስዊስ ተወላጅ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ የከሰል ምድጃውን የአየር በር በሰንሰለት የሚከፍት ሞተር ፈለሰፈ። ከዚህ ሥራ የተወለደው ኩባንያ በዘመናት ብዛት ሐኒዌል ሆኗል። ሰው ከመካከል ሲወጣ ደወሉም አብሮ ወጣ፤ የሚያዳምጠው ስለሌለ ደወል ለምን ያስፈልጋል? ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የግድግዳ ቴርሞስታት ዝምተኛ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1953 ለገበያ የቀረበው፣ ቅርጹን ሄንሪ ድሬይፈስ ያወጣለት ክቡ የሐኒዌል ቴርሞስታት እንኳ ውበቱ ቢደነቅም ጠቋሚ መብራት አልነበረውም። ክዳኑን ያነሣ ሰው ግን በትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ያለችው ሜርኩሪ ወደየትኛው ጎን እንደተንከባለለች በዓይኑ ያይ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሙቀት ከቤት የገባው በግድግዳ ቴርሞስታት በኩል ሳይሆን በምጣድ በኩል ነው። የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የቆቃ የውሃ ኃይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. 43.2 ሜጋዋት ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያም በኋላ ኤሌክትሪክ በከተሞች ቤት ለቤት እየተስፋፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1906 አልበርት ማርሽ የባለቤትነት መብት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሽቦ በሸክላ ቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ ከምጣዱ ሥር ተኛ። አሁን በየቤቱ የሚገኘው ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ነበልባል የለም፣ ጭስ የለም፤ ከውጭ የሚታየው ቆርቆሮና አንዲት ቀይ መብራት ነው። ቴርሞስታትም በአብዛኞቹ ላይ የለም። ቴርሞስታቱ ጋጋሪዋ ናት። ምጣዱን በማሰሻው ስታሰሽ የጎመን ዘሩ እንዴት እንደሚጨስ አይታ፣ ሊጡ ሲፈስ ዓይን ማውጣቱን ተመልክታ ታበራለች፣ ታጠፋለች። ቀይዋን መብራት የምታየው ኃይል መኖሩን ለማወቅ ብቻ ነው እንጂ የምጣዱን ግለት ከእርሷ አትጠይቅም። በዚህ ረገድ ጋጋሪዋ ከብዙ ዲፕሎማ ካላቸው ሰዎች ይልቅ መሣሪያውን በትክክል አንብባዋለች ማለት ይቻላል።

የውሃ ማሞቂያ ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ። በዚህ ዕቃ ውስጥ ቴርሞስታት አለ፤ መብራትም አለ፤ የሁለቱን ዝምድና ግን ገዢው አያውቅም። ውሃው ሞቆ መብራቱ ሲጠፋ ዕቃው ተበላሸ ብሎ ጥገና የሚጠራ አለ፤ መብራቱ በርቶ እያለ ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆንበት የሚደነቅም አለ። ምክንያቱ በሽቦው አቀጣጠል ላይ ነው።

ኒዮን የሚባለው ትንሽ ጠቋሚ መብራት ከቴርሞስታቱ በፊት ከተቀጠለ የሚመሰክረው ከሶኬቱ ኤሌክትሪክ መምጣቱን ብቻ ነው፤ ሌት ተቀን ይበራል። ከቴርሞስታቱ በኋላ፣ ከሬዚስታንሱ ጎን ለጎን ከተቀጠለ ግን ቴርሞስታቱ ግንኙነቱን ሲሰጥ ይበራል፣ ሲያቋርጥ ይጠፋል። ብዙዎቹ ጥሩ የሚባሉ ዕቃዎች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ገዢውም ማሞቂያው መሥራቱን ያሳየኛል ብሎ የሚመርጠው ይህንን ነው። ይሁን እንጂ ይህም መብራት የሚያውቀው ትእዛዙን እንጂ መፈጸሙን አይደለም። ሬዚስታንሱ ተበጥሶ ቢሆን እንኳ ኤሌክትሪኩ እስከ ደጃፉ ስለሚደርስ መብራቱ መብራቱን አይተውም። ሌላም አቀጣጠል አለ፤ መብራቱ በማቋረጫው ግራና ቀኝ ይገባል። ይህ ስናጠፋው የሚበራው የግድግዳ ማብሪያ ዓይነት ነው፤ የሚበራው ዕቃው ሲያርፍ፣ ያውም ሬዚስታንሱ ደኅና ከሆነ ብቻ ነው። የሽቦውን ጤንነት ስለሚመሰክር በእኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ ብልሃት ያለበት እርሱ ነው፤ ግን የቤት ሰው ግራ ስለሚያጋባ አልተወደደም። ትእዛዙ መፈጸሙን በእርግጥ ለማሳየት መብራቱን የሚያበራው በሬዚስታንሱ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ራሱ መሆን አለበት፤ ለዚህም ትንሽ የጅረት ትራንስፎርመር ወይም ሪሌ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ጅረቱ ቢያልፍ እንኳ መጠኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ማታ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ሰዓት የአንድ ሰፈር ቮልቴጅ ከ220 ወደ 180 ወረደ እንበል። ሙቀቱ የሚሄደው በቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ የ2,000 ዋት ማሞቂያ 1,340 ዋት ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ከሦስት እጅ አንዱ ጠፋ ማለት ነው። ኒዮኑ ግን ከ100 ቮልት በታችም ሊበራ ስለሚችል ያው ቀይ ነው።

የደጋው ከፍታም የራሱን ያክላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተሠራ የውሃ ማፍያ በ95 ዲግሪ እንዲያቋርጥ ተደርጎ ከሆነ በዚያች ከተማ ያ ሙቀት ከቶ አይደረስም፤ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ መብራቱ ይበራል። እዚህ ላይ መብራቱ ሐሰት አልተናገረም፤ የታዘዘው ነገር ራሱ ለአገሩ የማይሆን ነው።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር እንዳይመስል በደጋው የሚደርሰውን አደጋ ማንሣት ግድ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው መብራት በርቶለት ክፍሉ ያልሞቀለት ሰው ምን ያደርጋል? ማንደጃውን ከሰል ሞልቶ ወደ መኝታ ቤት ያስገባል፤ በሩን ይዘጋል። የዱሮው ቤት በሣር ጣራው በኩል ይተነፍስ ነበር፤ ቆርቆሮ የለበሰው፣ ኮርኒስ የተመታለት፣ መስተዋት የገባለት ቤት ግን አይተነፍስም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ እሳቱ አማረ በሚባልበት ሰዓት ነው የሚገድለው። ምድጃ ለዘመናት የታመነው ራሱን ስለሚናገር ነበር፤ ይህ ግን ምድጃው ከራሱ ጋር የሚጣላበት ሁኔታ ነው፤ የሚታየው ምልክት ደኅንነትን፣ የማይታየው ጋዝ ሞትን ይናገራሉ።

ባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ችግሩን በሌላ መልኩ ያውቁታል። የባትስ ፈጠራ በተወለደባት በሚኒያፖሊስ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በጥር ወር ቴርሞስታቱ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የከበረ ነው። የአሁኖቹ ቴርሞስታቶች ሲያሞቁ በመስኮታቸው የነበልባል ሥዕል ያሳያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኔስት የተባለው ደግሞ ሲያሞቅ ብርቱካንማ፣ ሲያቀዘቅዝ ሰማያዊ ይሆናል። ማየት ደስ ይላል። ይሁንና በአብዛኞቹ ሥዕሉ ከግድግዳው ወደ ምድር ቤት የተላከውን ትእዛዝ እንጂ በምድር ቤት የተለኮሰውን እሳት አያይም። ጋዙ ሳይለኮስ ቀርቶ ማሞቂያው ራሱን ቢቆልፍም ነበልባሉ በመስኮቱ ላይ ይታያል፤ ቧንቧ በውርጭ እስኪፈነዳ ድረስ ቤቱ እየሞቀ ነው ብሎ የሚያምን ሊኖር ይችላል። ጆንሰን ደወሉን ወደ ምድር ቤት ልኮ ነበር፤ ከምድር ቤት ወደ ላይ መልስ የሚያመጣ ሽቦ የሚዘረጋው ግን እስከ ዛሬ ጥቂት ነው። በትልልቅ ሕንፃዎች መልስ የሚያመጣው ሽቦ ተራ ነገር ሲሆን በቤት ዕቃ ላይ እንደ ቅንጦት መቆጠሩ ትክክል አይመስለኝም።

እንግዲህ ለደጋ ቤት የሚመርጥ ሰው በሱቁ ውስጥ የሚከተለውን ይሞክር። ዕቃው ተሰክቶ መቆጣጠሪያውን ቀስ አድርጎ ያዙረው፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲሰማ መብራቱ አብሮ ካልተለወጠ መብራቱ ከቴርሞስታቱ በፊት ነው፤ ስለ ማሞቅ ምንም አይነግረውም። አብሮ ከተለወጠ ትእዛዙን ያሳየዋል፤ ይህም ከሌላው ይሻላል። የሚቀረውን ምስክርነት ከቤቱ ያገኘዋል፤ ይኸውም በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ነው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍቶ ማሞቂያውን ብቻ ያብራ። የዱሮው ቆጣሪ ከሆነ ሳሕኑ በፍጥነት መዞር አለበት። አዲሱ ከሆነ ትንሿ መብራቱ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1,600 ጊዜ የሚል የተጻፈበት ቆጣሪ ላይ የ2,000 ዋት ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በየ1.1 ሴኮንድ ያህል አንድ ብልጭታ ይታያል። በየ1.7 ሴኮንድ ከሆነ ቮልቴጁ ወደ 180 ወርዷል። የማሞቂያው መብራት እየበራ ቆጣሪው ዝም ካለ ግን ሬዚስታንሱ ተበጥሷል።