ከጆሮ ፊት ያበጠ ሁሉ ጆሮ ደግፍ አይደለም

ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት አድርገው አፍዎን ቢከፍቱና ቢዘጉ የሚንቀሳቀስ ነገር ያገኛሉ። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ «ቀጭ» የሚልባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኛዎቹ በዕረፍት፣ በለስላሳ ምግብና በማስታገሻ ይሻላቸዋል።

ዛሬ የማነሳው ግን በዚህ ቦታ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመውን የደም ሥር ዕጢ ነው። ሐኪሞች ሄማንጂዮማ ይሉታል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም አይሰራጭም። በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጉልበት ላይ ነው። መንጋጋ ላይ ሲገኝ አንድ ታማሚ ብቻውን ለሕክምና መጽሔት ጽሑፍ ይበቃል።

ችግሩም ብርቅነቱ ነው። እብጠቱን ሠፈር ውስጥ ጆሮ ደግፍ ይሉታል፤ ክሊኒክ ሲኬድ ደግሞ የምራቅ ዕጢ ወይም ተራ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊመስል ይችላል። ሕመሙ፣ አፍ እንደ ልብ አለመከፈቱ፣ ጥርስ አለመግጠሙ ሁሉም ይመሳሰላሉ። እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ጎንበስ ሲሉ ያብጣል? ሲጫኑትስ ይሟሽሻል? መልሱ «አዎ» ከሆነ መርፌ ከመሰካቱ በፊት ኤምአርአይ መነሣት ይገባል። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለናሙና በጭፍን የተሰካ መርፌ ደም ሊያፈስ ይችላል። ዕጢው አጥንቱ ውስጥ ከሆነማ የሚነቃነቅ ጥርስ መንቀል እንኳ ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ሊያመጣ ይችላል።

ስሙም ያደናግራል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሙሊከንና ግሎዋኪ የተባሉ ተመራማሪዎች የሚያድገውን እውነተኛ ዕጢ ከተፈጥሮ የደም ሥር አፈጣጠር ጉድለት ለይተው አሳዩ። በአዋቂዎች ላይ ሄማንጂዮማ ከሚባለው ብዙው ይኸኛው፣ ጉድለቱ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ከ2008 ወዲህ ለጨቅላ ሕፃናት ሄማንጂዮማ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል የተባለው የልብ መድኃኒት ለጉድለቱ አይሠራም።

ሕክምናው በአብዛኛው ቀዶ ጥገና ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በአጠገቡ ያልፋል፣ ትልቅ የደም ቧንቧም ከመንጋጋው አንገት በስተውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ወደ ዕጢው ደም የሚወስዱት ሥሮች አስቀድመው ይደፈናሉ። ትንሽና የማያስቸግር ከሆነ ግን በየጊዜው በምርመራ እየተከታተሉ መቆየት ይቻላል።