የመንገድ ስንቅ፤ ከበቅሎ ገብስ እስከ ኤሌክትሪክ



መንገድ የሚለካው በምንድን ነው ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ በኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ እንደምትመልሱ አልጠራጠርም። የመሥሪያ ቤት ሰው የውሎ አበሉን በቀን ያስባል፤ ሹፌሩም ነዳጁን በኪሎ ሜትር ያስፈርማል። ይሁን እንጂ የቀድሞውን ታሪክ ለተመለከተ ሰው፣ መንገድ በእውነት ሲለካ የኖረው በሌላ ሚዛን እንደ ሆነ ይገለጥለታል። ይኸውም መንገደኛውን የሚሸከመው እንስሳ ወይም መኪና ጉልበቱን የሚያድስበት አንዱ ስፍራ ከሌላው ስፍራ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ሚዛን ነው። ዛሬ ይህን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አሶሳ፣ ከዚያም ወደ ገነተ ማርያም በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል መጓዝ ይቻላልን? የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ሆኗልና፣ መልሱን ከታሪክ ጋር አስማምተን እንድንመረምረው ነው።

ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል በዘመቱ ጊዜ፣ የአገሩ ወርቅ ዝናው ከሩቅ ይሰማ ነበር። በዚያ ዘመን ወደ ምዕራብ የሚወርድ የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን በአጋሰስ ጭኖ፣ ራሱ በበቅሎ ወይም በእግሩ ይጓዝ ነበር። ጭነት የተሸከመ እንስሳ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መልካም ጉዞ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ ያለውን 660 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚህ ሒሳብ ብናካፍለው 26 ቀን ይሆናል። የሚያድሩበትንም ስፍራ የሚመርጠው ነጋዴው አልነበረም፤ ሣሩና ውሃው ነበር። ውሃ ያለበት ሜዳ ሰፈር ይሆናል፤ ሰፈሩ ገበያ ይሆናል፤ ገበያው ኬላ ይተከልበታል። ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ከተሞቻችን ደግ ያደረጉት ከእንስሳው ጥማት የተነሣ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ከዚያ በኋላ የባቡር ሐዲድ መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በእንፋሎት የሚሠራው ባቡር ከበቅሎ ይልቅ ውሃ የሚጠማው ስለ ነበረ፣ በየመንገዱ ውሃ የሚቀዳበት ጣቢያ ሳይሠራለት አንድ እርምጃ ሊራመድ አይችልም ነበር። ስለዚህ ባቡር ወደ አገራችን ብቻውን አልመጣም፤ ጣቢያውን ይዞ መጣ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አውቶሞቢል ግን እንዲህ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንዲት ሲድሊ አውቶሞቢል እየነዳ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በኋላው አንድ የቤንዚን ማደያ እንኳ አልነበረም። በውጭ አገርም ቢሆን አጀማመሩ እንደዚሁ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 በነሐሴ ወር በርታ ቤንዝ የምትባል ሴት ባሏ በሠራው አውቶሞቢል ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛለች። በመንገድ ላይ ነዳጅ ባለቀባት ጊዜ ቪስሎኽ በምትባል ከተማ ወደ መድኃኒት መሸጫ ገብታ፣ ልብስ ለማጽዳት የሚያገለግለውን ፈሳሽ ገዝታ ጉዞዋን ቀጠለች። በዓለም የመጀመሪያው የነዳጅ ማደያ የመድኃኒት ቤት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢሉ ኃይል ፍለጋ የሆቴል ዘበኛ የሚለማመጥ መንገደኛ፣ ከርታታው እርሱ ብቻ እንዳይመስለው ይህን ታሪክ ያስታውስ።

ደግሞም የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠው አውቶሞቢል፣ ካሚል ዠናትዚ የተባለው ቤልጅጋዊ የነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 አውቶሞቢሎች ውስጥ 1,681ዱ በእንፋሎት፣ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ ሲሠሩ፣ በቤንዚን የሚሠሩት 936 ብቻ ነበሩ። ታዲያ የበለጠው ስለ ምን ተሸነፈ? በከተማ ውስጥ ማንም አላሸነፈውም፤ ጸጥ ያለ፣ ጭስ የሌለው፣ በእጅ እያዞሩ ማስነሣት የማያስፈልገው ነበርና። የተሸነፈው ከከተማ በወጣ ጊዜ ነው። በገጠር የኤሌክትሪክ ሽቦ አልተዘረጋም ነበር፤ ቤንዚን ግን በቆርቆሮ ተሞልቶ በማንኛውም ሱቅ ሊሸጥ ይችል ነበር። የቴክሳስ ዘይት ከ1901 ጀምሮ ሲፈልቅ፣ የፎርድ ርካሽ መኪና በ1908 ሲወጣ፣ በ1912 ደግሞ ሞተርን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው መሣሪያ ሲጨመር ነገሩ አበቃ። እንግዲህ ድል የተነሣው ሞተሩ አልነበረም፤ ማደሪያ በማጣቱ ነው።

በአገራችን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ ሲስፋፋ፣ ማደያውም መንገዱን እየተከተለ ከከተማ ወደ ከተማ ተተከለ። ማደያ የተተከለበት ከተማ ለዋና ከተማው ቀረበ፤ ያልተተከለበት ራቀ። ምድሪቱ ግን ከስፍራዋ አልተነቃነቀችም።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ሌላ ሆኗል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የቀረጥና የግብር ቅናሽ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከራሳችን ወንዝ ይመነጫል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ኃይል 43 ሜጋ ዋት ነበረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በጉባ የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ችሎታ አለው፤ ይኸውም 120 ቆቃ ማለት ነው።

ኃይሉ ይበቃ ይሆን ወይ ብላችሁ ለምትጠራጠሩ፣ እስቲ አብረን እንቁጠር። አንድ መቶ ሺህ አውቶሞቢል እያንዳንዱ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለ100 ኪሎ ሜትርም 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ የሁሉም ድምር 270 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ከሕዳሴው ግድብ በዓመት የሚጠበቀው ኃይል 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ መቶ ሺህ አውቶሞቢል የሚወስደው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ችግሩ ከምንጩ አይደለም፤ ከማደያው ነው።

ይህንንም በአሶሳ መንገድ ላይ እንፈትነው። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ አውቶሞቢል ሞልቶ ከአዲስ አበባ ቢነሣ፣ ለጥንቃቄ አንድ ስድስተኛውን ቢያስቀር፣ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ነቀምት ግን 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሳይሞላ አይደርስም። ለመላው መንገድ 119 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ከተነሣበት 50 ቢጠቀም፣ 69 በመንገድ ላይ ማግኘት አለበት። በተራ የግድግዳ ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ቢሞላ 31 ሰዓት ይፈጃል፤ አንድ ሌሊት 10 ሰዓት ቢሞላ የሚያገኘው የ120 ኪሎ ሜትር ስንቅ ነው፤ ይኸውም ከነቀምት ግምቢ ድረስ እንደ ምንም ነው። 7 ኪሎ ዋት በሚሰጥ መሙያ 10 ሰዓት፣ 60 ኪሎ ዋት በሚሰጥ ፈጣን መሙያ ግን ባትሪው ሲጠግብ አወሳሰዱ የሚቀንስ ስለ ሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ሹፌር፤ ልዩነቱ በመንገዱ ዳር የቆመው መሣሪያ ብቻ ነው።

አቀበቱንም አትርሱት። ክብደቱ 1,800 ኪሎ የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ለመውጣቱ ብቻ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይከፍላል። ከነቀምት ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ከፊሉን ይመልስለታል፤ ወደ ግምቢ ሲወጣ ግን ዕዳውን ይጠየቃል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው በዝግታ ይንዳ፤ ጭነቱን ይቀንስ፤ ቀጣዩን መሙያ አስቀድሞ በስልክ ያረጋግጥ፤ ማታ የሚያድርበትን ስፍራ ሲመርጥ አልጋውን ሳይሆን ሽቦውን ይጠይቅ። የሲራራው ነጋዴ ለበቅሎው ሣር ሲል ሰፈሩን ይመርጥ እንደ ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የፈጣን መሙያ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. የራሱን ፈጣን ጣቢያ የከፈተው በዚያው ነው። ሕዳሴው ግድብ ግን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ላይ ነው። ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ይጓዛል። ከሰማይ በታች በሽቦ ወደ መሐል አገር የሚሮጠው ኃይል፣ ከታች በመንገድ ላይ ስንቅ ያጣውን መንገደኛ አልፎት ይሄዳል። አባቶቻችን የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። እርግጥ ነው፣ ከዚያ ታላቅ መስመር ማንም በቀጥታ ሊቀዳ አይችልም፤ ማውረጃ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና የማከፋፈያ መስመር ያስፈልጋል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ የተተከለ መሙያ ደግሞ ለጌጥ የቆመ ሐውልት ነው። በዚህ መንገድ ላይ በቅርብ ዓመታት የጸጥታ ችግር እንደ ነበረም የታወቀ ነው፤ ሰላም በሌለበት ጣቢያም መንገደኛም አያድርም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሥራውን የሚያከብድ ነው እንጂ የማያስፈልግ የሚያደርግ አይደለም።

ምክንያቱም የቤንዚን አውቶሞቢል በር ከተዘጋና የኤሌክትሪኩ መሙያ ካልተከፈተ፣ አሶሳ ከትናንቱ ይልቅ ነገ ትርቃለች። ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ የሒሳብ መርማሪው ወደዚያ ለመመደብ ያመነታል፤ የአሶሳም ሰው ለጉዳዩ ወደ መሐል አገር ለመምጣት ይቸገራል። በአምቦ፣ በነቀምት፣ በግምቢ፣ በመንዲና በአሶሳ አምስት አስተማማኝ ጣቢያዎች ቢቆሙ ግን፣ ከላይ የቆጠርነው ሒሳብ ሁሉ ቀላል ይሆናል።

እኛ በመሥሪያ ቤት ወንበር የተቀመጥን ሰዎች የአውቶሞቢል ግዥ ስንፈቅድ የምንጽፈው የመኪናውን ዋጋ ብቻ ነው። በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁን አሁን አስታውሱ፤ ባቡር ጣቢያውን ይዞ መጣ። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ስንቁ ከራሱ በላይ በሽቦ ተዘርግቶለት ነው። ስለዚህ ለክልል መሥሪያ ቤት አንድ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እንዲገዛ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት፣ በዚያው ወረቀት ላይ በየትኛው ከተማ፣ በስንት ኪሎ ዋት፣ በማን ኃላፊነት እንደሚሞላ ተጽፎ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ካልተጻፈ፣ ወረቀቱን ወደ መጣበት መልሱት።